በሲኒማ ቲኬት የሚተዳደር ክፍል

አሰብ ውስጥ አምስተኛ ክፍል ሳስተምር ከሁሉ የበለጠ ያስቸገረኝ ሒሳብ ወይም ሰዋስው አልነበረም፤ ቬንትሌተር ነበር። ክፍሌ ውስጥ አርባ ሦስት ልጆችና አንድ የጣሪያ ቬንትሌተር ነበሩ። ነፋሱ በቅጡ የሚደርሰው ለስድስት ወንበር ብቻ ነው። የቀሩት ልጆች ነፋስ መኖሩን የሚያውቁት የጓደኞቻቸው ደብተር ሲገላበጥ በማየት ነበር። ትምህርት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ልጆቹ ልጆች ናቸው። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ክርናቸው ደብተሩ ላይ ይጣበቃል፣ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ይተከላል፣ ከዚያም በቬንትሌተሩ ሥር ለመቀመጥ ግፊያው፣ ቁንጥጫውና ልቅሶው ይጀመራል።

ባለቤቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቴክኒሻን ነበር። እኔ እሱን ተከትዬ ከደሴ መጥቼ፣ ለሠራተኞች ልጆች በተከፈተች ትንሽ ትምህርት ቤት በአማርኛ አስተምር ነበር። ጊዜው ኤርትራ ነጻ ከወጣች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መገበያያው ገና ብር ነበር፤ ተሳቢዎቹም በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል እንደ ልባቸው ይመላለሱ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ፣ ወደብ የሚሠራ ጓደኛው የሰጠውን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት ይዞልኝ መጣ። መርከበኞች ጥለውት የሄዱት ነው። ውስጡ ስለ አንዲት የውጭ አገር መምህርት የሚያወራ ጽሑፍ አገኘሁ። ሴትየዋ ለተማሪዎቿ የወረቀት ገንዘብ ሠርታ፣ ጥሩ ጠባይ ላሳየ ትከፍላለች፤ ልጆቹም በዚያው ገንዘብ የወንበራቸውን ኪራይ ይከፍላሉ፣ ይቆጥባሉ፣ ይገዛሉ። ስለ ገንዘብም ስለ ሥነ ምግባርም በአንድ ጊዜ ይማራሉ ይላል። ጽሑፉ አምስት ገጽ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት አራቱን ነው። አምስተኛውን ባለቤቴና ጓደኛው ቀደው ኦቾሎኒ ጠቅልለውበታል። አራተኛው ገጽ የሚያልቀው «ይሁን እንጂ መምህሩ በብርቱ ሊጠነቀቅ የሚገባው» በሚል ነበር። መጠንቀቅ እንዳለብኝ ገባኝ፤ ከምን እንደሆነ ግን ሳላውቅ ጀመርኩት።

ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ዲሬክተራችን ሄድኩ። ዲሬክተራችን ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ወፍራምና ደግ ሰው ነበሩ። ሁለት ነገር አይሆንላቸውም፤ ሙቀት መቻልና በሰዓት መግባት። ቢሯቸው ፀሐይ የሚያንገበግባት ጠባብ ክፍል ስለነበረች፣ ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው ነበር የሚሠሩት። ሐሳቡን ስነግራቸው ወዲያው ወደዱት።

«ገንዘቡን ከምን ልትሠሪው አሰብሽ?» አሉኝ።

«ከቆርኪ ብዬ ነበር።»

«አይሆንም! አሰብ ውስጥ ቆርኪ ማለት አሸዋ ማለት ነው። አባቱ መጠጥ ቤት ያለው ልጅ በአንድ ቀን ከበርቴ ይሆንብሻል።»

ጥቂት አሰቡና ቁልፋቸውን አንሥተው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝ። ድሮ ሠራተኞች ፊልም የሚያዩበት ክበብ ነበር፤ ከተዘጋ ቆይቷል። የተረፉት ቲኬቶች በጥቅል በጥቅል ሆነው ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር ተቀምጠዋል። አቧራውን አራግፈው አንዱን ሰጡኝ። ቀይ ነው። «አንድ ሰው ያስገባል። ለልጆች አይፈቀድም» ይላል።

«ለልጆች አይፈቀድም ይላል እኮ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን አለበት? ሰው የተከለከለውን ነው የሚወደው» አሉኝ። «ነገር ግን ማኅተም ካላረፈበት ገንዘብ አይባልም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ቲኬት ሲያትሙ ዋሉ። የመሸኛ ደብዳቤ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ አባት ሁለት ሰዓት ያህል በር ላይ ቆመው ከጠበቁ በኋላ፣ ገብተው ቲኬቱን እየቆራረጡ ያቀብሏቸው ጀመር። ደብዳቤውን ግን በማግስቱ ተመልሰው ነው የወሰዱት።

ሰኞ ዕለት ሕጉን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከአንድ ሰዓት በፊት የገባ ሁለት ቲኬት ያገኛል። ጥፍሩን የቆረጠ አንድ። ወለል ላይ የወደቀ ወረቀት ያነሣ አንድ። የተጣሉ ልጆችን ያስታረቀ አምስት። የወንበር ኪራይ በሳምንት አምስት ቲኬት ሲሆን፣ ከቬንትሌተሩ ሥር ያለው ግን አሥራ አምስት ነው። የረበሸ ሦስት ይቀጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። ልጆቹ ገና ሳይነጋጋ በር ላይ ተሰልፈው ዘበኛው አንድ ነገር የተፈጠረ መስሎት ሲሮጥ ቤቴ መጣ። ጥፍር ሁሉ ተቆረጠ፤ አንዳንዱማ ደም እስኪመጣ ድረስ። ወለሉ ምግብ የሚበላበት መሰለ። ማታ ለባለቤቴ «አርባ ሦስት ልጅ በአንድ ሳምንት ሰው ሆነ» አልኩት። «ኦቾሎኒው የተጠቀለለበትን ገጽ ባነበብነው ኖሮ» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት የሚያነሡ በዙ። ቀጥሎ ወረቀት የሚጥሉ በዙ። ኋላ ላይ አንዱ ልጅ ቤቱ ጋዜጣ ቀዳዶ በፌስታል እያመጣ፣ ራሱ በትኖ ራሱ እንደሚለቅም ደረስኩበት። ማስታረቁ ደግሞ የባሰ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነፍስ ለነፍስ የሚዋደዱ ሦስት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ በየቀኑ በእረፍት ሰዓት ጉሮሮ ለጉሮሮ ይተናነቃሉ፤ ሦስተኛው ይደርስና ያስታርቃቸዋል፤ አምስቱን ቲኬት ይካፈሉታል። እኔ የባሕሩ ሙቀት ያናደዳቸው መስሎኝ ሳዝን ሰነበትኩ። አንድ ቀን ተራቸው ተሳሳተና ሦስቱም ሊያስታርቁ ተነሡ፤ የሚጣላ ጠፋ። እርስ በርስ እየተያዩ ሲቆሙ ነገሩ ገባኝ።

ልቤን ያቆሰለው ግን አንድ ጠዋት የሆነው ነው። ገብቼ እንደ ወትሮው «እንደምን አደራችሁ?» አልኩ። በመመለስ ፋንታ ከኋላ አንድ ጣት ወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«እግዜር ይመስገን ማለቱ።»

በቅንነት ነበር የጠየቀኝ፤ ሊያሾፍ አልፈለገም። አንዲት እናትም በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ አግኝታኝ «መምህርት፣ ልጄን ውሃ ቅዳልኝ ስለው ከስንት ቲኬት ጀምሮ ነው አለኝ፤ ምን እያስተማራችሁልን ነው?» አለችኝ። ምን እያስተማርኩ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ይዛው የነበረው ዓሣ ሊበላሽባት ስለሆነ ሳልጨርስ ሄደች።

መተው ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ያልተውኩት ስለ አንዲት ልጅ ነው።

ይህች ልጅ ቀጭንና ዝምተኛ ናት፤ አባቷ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ከወደብ ስኳሩንና ማዳበሪያውን ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ ተራ ሲጠብቅ ይሰነብታል። እሷም ቤት ውስጥ ስለ ጭነት፣ ስለ ተራና ስለ ኪሎ ሲወራ እየሰማች ነው ያደገችው። ክፍል ውስጥ ግን እስከዚያን ጊዜ ድረስ እጇን አንሥታ አታውቅም፤ ስሟን ስጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ ብቻ በሚሰማው ድምፅ ነበር። ቲኬቱ ከመጣ ወዲህ ተለወጠች። አላጭበረበረችም፤ ጋዜጣም አልቀደደችም። ከኋላ፣ ፀሐይ ያጋለው ግድግዳ አጠገብ ርካሹ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቲኬቷን አንድ በአንድ በክር እየሰካች ስታጠራቅም ከረመች። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ከቬንትሌተሩ ሥር ያለውን ወንበር መከራየት አልፈልግም። መግዛት ነው የምፈልገው።»

መጽሔቱን ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ልጆች ወንበራቸውን መግዛት ይችላሉ ይላል። «አርባ ቲኬት» አልኳት፣ ተስፋ እንድትቆርጥ ብዬ። ክሩን ፈትታ ቆጠረችልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ስድስቱም ወንበሮች የሷ ሆኑ። የቀድሞ ተከራዮች ቲኬታቸውን ከረሜላ በመገበያየት ጨርሰውት ነበር።

ወንበሮቹን በሩብ ሰዓት ታከራያቸው ጀመር። ዋጋውን በንጹሕ ወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ እስከ አራት ሰዓት አንድ ቲኬት፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ሁለት፣ «ምክንያቱም ፀሐዩ ወዲህ ስለሚዞር» ይላል። ልጆቹ በየሩብ ሰዓቱ ድምፅ ሳያሰሙ ይለዋወጣሉ። ለሁለት ዓመት ያላስቆምኩትን ግፊያ እሷ በአንድ ሳምንት አስቆመችው። እሷ ራሷ ግን ከግድግዳው ሥር አልተነሣችም። ላቧ በሹሩባዋ መሐል ሲወርድ አይቼ፣

«አንቺ ለምን አትቀመጪበትም? የራስሽ ነው እኮ» አልኳት።

«ቲቸር፣ አባቴም እኮ የጫነውን ስኳር አይቅምም» አለችኝ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ዲሬክተራችን ለክትትል የመጡት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፎጣቸውን እንዳደረጉ፣ የክትትል መዝገባቸውን ይዘው ገቡና ከቬንትሌተሩ ሥር ባዶ ወንበር አግኝተው ዘፍ አሉ። ወንበሩ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ልክ ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል። ልጅቷ ከኋላ ተነሥታ መጣችና አጠገባቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ።»

«ምነው ልጄ?»

«ወንበሩ በሩብ ሰዓት ሁለት ቲኬት ነው።»

ሳቁና ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

«እኔ እኮ ዲሬክተር ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ማኅተሙን ያደረጉበት እርስዎ አይደሉ? እርስዎ ካላከበሩት ማን ያከብረዋል?»

ዲሬክተሩ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወንበሩ አብሯቸው ተነሣ፤ አላቀቁትና ወጡ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቢሮ አስጠሩኝና በሩን ዘጉት።

«መምህርት፣ ልጅቷ ልክ ናት» አሉኝ። «እስቲ ንገሪኝ፤ እኔ በሰዓት ብገባ ሁለት ቲኬት ይሰጠኛል?»

የቀልድ መስሎኝ ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ፣ ማኅተሙ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። የቀሩት ጥቅሎች ሃያ ዓመት ያስቀምጧቸዋል። ይህንኑ በዘዴ አነሣሁላቸው።

«ያማ ስርቆት ነው!» አሉ፣ ደንግጠው።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዲሬክተራችን በር ላይ ከልጆቹ ጋር ተሰልፈው ነበር። ዘበኛው ሁለት ጊዜ ሰላም አላቸው፤ አንዱን ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ጥፍር የምትቆጣጠረው የክፍል አለቃ ጋ ሲደርሱ ሁለት ሰፋፊ እጃቸውን ዘረጉላት። «የአውራ ጣትዎ ትንሽ ይቀረዋል ጋሼ» አለቻቸው፤ ነገ እንደሚያስተካክሉ ቃል ገቡ። ሦስት ቲኬት አገኙና ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አጥፈው ከተቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀታቸውን ሸክፈው ወደ ክፍሌ ይመጡ ነበር። እኔ ስለ ዓባይ ገባሮች ሳስተምር፣ እሳቸው ከቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጠው ደብዳቤ ይፈርማሉ። አንድ ቀን ተሳስቼ ጥያቄ ጠየቅኳቸውና ተነሥተው መለሱ። ትክክል ስለነበሩ አንድ ቲኬት ሰጠኋቸው።

ችግሩ፣ አንድ ሰው በጥሩ ጠባይ ብቻ በቀን የሚያገኘው ከአምስት ቲኬት አይበልጥም። እሳቸው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ለመዱ። ልጅቷ ዱቤ ፈቀደችላቸው። በደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ፣ ዕዳ ካለባቸው ከሦስት ልጆች ሥር፣ «ዲሬክተር» ብላ ጻፈችና አጠገቡ ጭረት ትደረድር ጀመር።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

የአንድ ቀን መስሎን ነበር። ሁለተኛው ቀን መጣ፣ ሦስተኛውም መጣ። ቬንትሌተሩ ክንፉን ዘርግቶ ዝም አለ። የሳምንቱን የሩብ ሰዓት ተራቸውን አስቀድመው የከፈሉ ዐሥር ልጆች ልጅቷን ከበቧት። «ነፋስ የለም! ቲኬታችንን መልሺ!» ይላሉ።

«እኔ ወንበር ነው ያከራየሁት፤ ነፋስ አላከራየሁም» አለቻቸው።

ወደ እኔ መጡ። ዳኛ አደረጉኝ። መጽሔቱን ገልጬ ብፈልግ ስለ መብራት መጥፋት አንድም ቃል የለበትም፤ ምናልባት ኦቾሎኒ የበላው ገጽ ላይ ይሆናል። በራሴ ፈረድኩ። «ወይ ነፋሱን አምጪ፣ ወይ ቲኬቱን መልሺ» አልኳት። ፊቷ ክፉኛ ተለወጠ። ያን ቀን በእረፍት ሰዓት አልወጣችም፤ ደብተሯን ገልጣ ስታሰላ ቆየች። እኔም ልጅ ላይ የባንክ ኪሳራ ያመጣሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ከመኪና መለዋወጫ ካርቶን የተቆረጡ አራት ሰፋፊ ማራገቢያዎች በብብቷ ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ያልከፈሉኝ አራት ሰዎች አሉ» አለችኝ። «እነሱ ለከፈሉኝ ያራግቡ። ዕዳቸው በዚያ ይቀነስ።»

«ከአራቱ አንዱ ዲሬክተሩ ናቸው እኮ።»

«አዎ። ትልቁን ካርቶን ለሳቸው ነው የቆረጥኩት።»

ዲሬክተሩ ሲመጡ ራሷ ነገረቻቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ካርቶኑን ተቀብለው ወደ ፊታቸው አንድ ሁለቴ አርገበገቡትና፣

«በሩብ ሰዓት ስንት ይታሰብልኛል?» አሉ።

«ሦስት ቲኬት።»

«አራት አድርጊው። ክንዴ ረጅም ነው፤ ሁለት ወንበር ይደርሳል።»

ትንሽ አሰበች። «ሁለት ወንበር ከደረሰ አራት ይሁን» አለች።

እንዲህ ተስማምተው፣ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር እጅጌያቸውን ሰብስበው ለሁለት የአሥር ዓመት ልጆች ማራገብ ጀመሩ። መጀመሪያ ክፍሉ ይንጫጫል ብዬ ፈርቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ቀና ብሎ የሚያያቸው እንኳ አልነበረም። እኔም ለመድኩት። በመሐል ዞሬ «ጋሼ፣ ሰሌዳውን ትንሽ ይከልላሉ፤ ወደ ግራ» እስከማለት ደረስኩ።

የወላጅ ኮሚቴው የመጣው በዚያ ሳምንት ሐሙስ ነው። ሊያዩ የመጡት የውሃውን ጋን ነበር። ሰብሳቢው ማጣሪያው ውስጥ መሐንዲስ የሆኑ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ የማይለያቸው ኮስታራ ሰው ናቸው። ዲሬክተሩን ቢሮ ሲያጧቸው ከሁለት ወላጆች ጋር ወደ ክፍሌ መጡ። በሩ ክፍት ነው። ዲሬክተሩ በላብ ተጠምቀው፣ «ተሰባሪ ዕቃ፣ በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል በተጻፈበት ካርቶን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለተደላደለ ልጅ ያራግባሉ።

«ዲሬክተር፣ ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሥራ ላይ ነኝ» አሉ ዲሬክተሩ፣ ክንዳቸውን ሳያቆሙ። «አራት ደቂቃ ቀርቶኛል፤ እባክዎ ይቀመጡ።»

ልጁ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ቲቸር፣ ሲያወሩ ነፋሱ ይቀንሳል» አለ።

ሰብሳቢው አልተቀመጡም። አራቱ ደቂቃ እስኪያልቅ ግን ቆመው ጠበቁ። ባዶ የነበሩት ወንበሮች የቱ የማን እንደሆነና የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን ስላላወቁ ይመስለኛል።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ስብሰባ ተጠራ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጥላ ውስጥ አግዳሚ ተደርድሮ፣ እኔና ዲሬክተሩ እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊት ተቀመጥን። መሐንዲሱ ቁጣ ቁጣ እያላቸው ጀመሩ። ነገሩን ከሥር መሠረቱ ሳስረዳ ግን ቀስ በቀስ አንደኛውን እስክሪብቶ አወጡ።

«በሳምንት ስንት ቲኬት ነው የምትለቂው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ወደ አንቺ የሚመለሰውስ?»

እሱንም ነገርኳቸው። ወረቀት ላይ ደማምረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ አያያዝ እኮ እስከ ፋሲካ አንድ ከረሜላ መቶ ቲኬት ይገባል!» አሉ። ሁለተኛውንም እስክሪብቶ አወጡና ቀጥተኛ ግብር መጣል ስለሚቻልበት መንገድ ማብራራት ጀመሩ። ያቺ ባለ ዓሣዋ እናት ተነሥታ «ጌታው፣ ልጄ ውሃ ይቅዳልኝ፤ እኔ የምፈልገው እሱን ብቻ ነው» ባትላቸው ኖሮ እስኪመሽ የሚያቆሙ አይመስለኝም።

በዚህ መሐል የልጅቷ አባት እሷን አስከትሎ ደረሰ። ያን ዕለት ነው ከመንገድ የገባው፤ የበረሃው አቧራ ከቅንድቡ እንኳ አልረገፈም። ሰው ሁሉ አጠገቡ ላለችው ልጁ ፈራላት። ዲሬክተርን ያህል ሰው አገልጋይ ያደረገች ልጅ ቢገርፋት የሚፈርድለት ብዙ ነበር። ነገሩን ጸጥ ብሎ ሰማና ወደ ዲሬክተሩ ዞረ።

«ስንት ቀረብዎት?»

«አሥራ ሁለት» አሉ ዲሬክተሩ።

ሾፌሩ ወደ ልጁ ጎንበስ አለ። «በይ፣ ይቅር በያቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ «አባዬ፣ ለሳቸው ከተውኩ ለሦስቱ ልጆችም መተው አለብኝ። እነሱ ደግሞ ሲያራግቡ ነው የከረሙት» አለች። እኔ ያን ጊዜ ነው፣ እስከዚያን ቀን ድረስ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ተናግራ እንደማታውቅ ያስተዋልኩት።

ዲሬክተሩ ከተከሳሽ ወንበር ተነሡ። «ይቅር እንድትለኝ አልፈልግም» አሉ። «ማንም አላስገደደኝም። ሰኞና ማክሰኞ እጨርሳለሁ።» ማክሰኞ ዕለት ጨረሱ። መብራት ግን ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ስለነበር፣ የሚዞር ቬንትሌተር ሥር ቆመው ነው ያራገቡት፤ ውል ውል ነው ብለው።

ኮሚቴው የወሰነው ነገሩ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲዘጋ፣ ነገር ግን ማንም ልጅ የሠራው እንዳይቀርበት ነው። ስለዚህ አንድ ዓርብ ገበያ አቆምን። ወላጆች ያላቸውን ሰጡ፦ እርሳስ፣ ደብተር፣ ብስኩት፣ ከመርከብ የወረደ የቆርቆሮ አናናስ፣ አንድ ኳስ፣ ከባሕሩ ዳር መንደር ከጥዖ የመጣ ደረቅ ዓሣ። ቲኬቱ ሁሉ በዚያ ቀን ይሠራና ከዚያ በኋላ ይቃጠላል። ልጆቹ የሚፈሩት የሾፌሩን ልጅ ነበር። ክሯ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ቲኬት ተሰክቷል፤ ኳሱንም አናናሱንም ጠራርጋ ትገዛለች ብለው ከበር ጀምሮ ተከተሏት።

እሷ ወደ አንዱም አልሄደችም። ጥግ ላይ አንድ የክፍሏ ልጅ እግሯ በገመድ የታሰረ አንዲት ትንሽ ዶሮ ይዞ ቆሟል። ሁሉንም አልፋ እሱ ጋ ቆመች።

«ቄብ ናት?» አለችው።

«ቄብ ናት። ከአንድ ወር በኋላ እንቁላል ትጥላለች» አላት። መቶ ሃምሳ ቲኬት ከፈለችው። በቀረው ለራሷ ደብተር ገዛች፤ ለእናቷም ደረቅ ዓሣ። እንቁላል በደርዘን ስንት እንደሚሸጥ አስቀድማ ጠይቃ ኖሮ፣ ዶሮዋን አቅፋ ስትሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ሻጩ ልጅም በተከፈለው ቲኬት ኳሱን ገዛ። ከሰዓት በኋላ ቲኬቶቹን ግቢው ውስጥ በበርሜል አቃጠልናቸው። ዲሬክተሩ ማኅተሙን ይዘው፣ እሳቱ እስኪበርድ ድረስ እንደ ቀብረኛ ቆመው ዋሉ።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ልጅቷ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«ቲቸር፣ ዶሮዋ ጮኸች።»

«ጮኸች ስትይ?»

«ኩኩሉ አለች። ሁለት ጊዜ።»

እንዳልስቅ ጠመኔዬን አነሣሁ። ሻጩ ልጅ ተጠራ። እሱም ቄብ መስሎት እንደነበር በእናቱ ማለ፤ እውነቱን ይመስለኛል። ቲኬቱ ተቃጥሏል፣ ኳሱም እሾህ ወግቶት ተንፍሷል፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ልጁን ትኩር ብላ አየችውና ፈገግ አለች፤ ከዚያ ሳቀች፤ እሱም ተከተላት። በኋላ ሦስቱን አስታራቂዎች ጨምሮ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የዚያን ቀን ማንም ማንንም ምንም አላስከፈለም።

አባቷ አውራ ዶሮውን ደጋ ወስዶ በቄብ ሊለውጥላት ጋቢናው ውስጥ ጭኖት ሄደ። ሳይለውጠው ተመለሰ። ረዳቱ ለምዶታል፣ ኬላ ላይም ጠባቂዎቹ እሱን ሊያዩ እየመጡ ቶሎ ያሳልፉናል አላት።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በወደቡ በኩል ሳልፍ ተራ ከሚጠብቁት ተሳቢዎች መሐል አየሁት። ዶሮው አድጓል፤ የጋቢናው መስኮት ላይ ቆሞ ባሕሩን ይመለከታል። ሾፌሩ አንገቱን አወጣና «መምህርት፣ ደህና ነሽ? ልጄ በትምህርቷ እንዴት ናት?» አለኝ።

«በሒሳብ የሚያክላት የለም» አልኩት። «ሳይንስ ላይ ትንሽ ይቀራታል።»

ወደ ዶሮው ዞሮ ከት ብሎ ሳቀ። ከፊቱ ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ ሞተሩን አስነሣና እጁን አውለብልቦልኝ ወደ ፊት ተጠጋ።